ደርሻለሁ ለማለት አንድን ይጫኑ

ቡታጅራ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን የከፈትነው ድርጅት ሁለት ሰው፣ ሁለት ወንበርና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው። ሰዎቹ እኔና ወልቂጤ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነን። በሩ ላይ «ሶፍትዌር እንሠራለን» ብለን ስለለጠፍን የሰፈሩ ሰው ስልክ ለማስጠገንና ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት ይመጣ ነበር። ፎቶ ኮፒ ማሽን እንኳ አልነበረንም። ጓደኛዬ ግን ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይሆንለትም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ማዶ ካለው ሱቅ አስነስቶ ያመጣላቸዋል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እነጫነጫለሁ። አባቴ «በርበሬ ቤት ስለተወለድሽ ነው» ይለኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከመስቃን ገበሬዎች በርበሬ እየገዛ ሲነግድ የኖረ ሰው ስለሆነ ጥፋቱን ወደ ራሱ መውሰዱ ነው። ጥፋት ወደ ራሱ መውሰድ ይወድ ነበር። ወደዚህ ጠባዩ በኋላ እመለሳለሁ፤ ያጠፋን ይኸው ነውና።

ጓደኛዬ ወልቂጤ ተወልዶ ያደገ ነው። ወላጆቹ ከጎጃም በመምህርነት መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ሦስተኛ ዓመት ሳለን እናቱ ዘመድ ልትጠይቅ ወደ አገሯ ሄደች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስልኩን ሲከፍት ፌስቡክ ላይ የእናቱን ፎቶ አየ። ከሥሩ የአጎቱ ልጅ «ነፍስሽን በገነት ያኑርልን» ብሎ ጽፏል። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እስቲ አንብቢልኝ» አለኝ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ኳስ እያየ ይጮሃል። እኔ አነበብኩለት። ምን ላድርግ?

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ ይመጣል፤ ሁለት ሦስቱ አጠገብህ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ከኋላህ ይቆማል፣ ከዚያ ነው ትልቁ ሰው አፉን የሚከፍተው። ሩቅ ያለህ እንደሆነ «ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና» ትባላለህ። ውሸት መሆኑን ልብህ ያውቀዋል፤ ቢሆንም መንገዱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያለ ይገባሃል። ጓደኛዬ ይህን አላገኘም። ድርጅታችንን ስንከፍት የመጀመሪያ ሥራችን ምን እንደሚሆን ሳንነጋገር ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ሌላ ሰው በዚያ ዓይነት መንገድ መርዶ እንዳይሰማ ማድረግ።

ሠራነው። ሲም ካርዶች የገቡበት ትንሽ መሣሪያ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኝና ሰው ሲሞት ለዕድርተኛው ይደውላል፤ የሰፈራችን ዕድር ሰዎች «ደዋዩ» ብለው ጠሩት። ከተማው ሰፍቶ የዕድሩ ጥሩምባ አዲሶቹ ሰፈሮች ድረስ አልሰማ ብሎ ነበርና ሥራ አላጣም። ጥሩምባ ነፊው ሽማግሌ እንዳይከፋቸው ድምፁን የቀዳነው ከራሳቸው ነው፤ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ።

ለአባላት ሁሉ መደወል ግን ማንም ይሠራዋል። የእኛ ነገር ለማን እንደማይደወል ማወቁ ነበር። እያንዳንዱ አባል ሲመዘገብ የቅርብ ዘመዶቹን ይናገራል፣ ደግሞም ለበሩ የሚቀርበውን ጎረቤት ይናገራል። ሰው ሲሞት ደዋዩ ዘመዱን ይዘልና ለጎረቤቱ ይደውላል። «እገሌ ዘንድ ሂዱ፤ ሲደርሱ ደርሻለሁ ለማለት አንድን ይጫኑ» ይላል። ጎረቤቱ አንድን እስኪጫን ድረስ ለዘመዱ ምንም አይደርሰውም። ጎረቤቱ ካላነሳ ወደሚቀጥለው ጎረቤት ይሄዳል። ይኸው ነው። ጓደኛዬ ይህቺን ክፍል ብቻውን ነው የጻፋት፤ እኔን እንኳ አላስነካኝም።

አባቴ የዕድሩ ሰብሳቢ ስለነበር የመጀመሪያው ምስክር እሱ ሆነ። አንዲት ሴት ልጇ አረቅጥ ላይ በመኪና አደጋ ሲሞትባት ስድስት ጎረቤት በሯ ላይ ተሰብስቦ ነው የሰማችው። አባቴ ከቀብር መልስ ወደ ቢሯችን መጣና ወንበር እያለ ቆሞ ኮምፒውተሩን ሲያየው ቆየ። «ይሄ ነገር ይሉኝታ ያውቃል» አለ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስለሥራችን እንዲህ ያለ ነገር የነገረን ሰው የለም።

ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ። የትልቅ ኩባንያ ሰዎች ነን ያሉ ሦስት እንግዶች መጡ፤ ድርጅታቸው በየከተማው የስልክ መልእክት አገልግሎት የሚሸጥ ነው። ትሑቶች ነበሩ። አባቴ ቤት ወስዶ ክትፎ አበላቸው፤ እንግዳ ናቸውና። ከምሳ በኋላ ጓደኛዬ ዘመዱ እንዴት እንደሚዘለል፣ ጎረቤቱ እንዴት እንደሚመረጥ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሥሎ አስረዳቸው። ሲጨርስ አንደኛው ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አነሳ። እኔ ፊቴን ቋጠርኩ፤ ጓደኛዬ «አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስልሻል» ብሎ ሳቀብኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከዓመት በላይ ድምፃቸው ጠፋ። ከዚያ የመጣው የጠበቃ ደብዳቤ ነው፤ ኩባንያው ፓተንት የያዘበትን ፈጠራ ያለፈቃድ እየተጠቀማችሁ ስለሆነ በአስቸኳይ አቁሙ የሚል። ስንጠይቅ እንደተነገረን ፕሮግራም ብቻውን ፓተንት አይሰጠውም፤ እነሱ ግን መሣሪያውን ከነአሠራሩ አድርገው ነው ያስመዘገቡት። ዘመድን መዝለል፣ ጎረቤትን መጥራት፣ ማረጋገጫ መጠበቅ፣ አንድ በአንድ በሕግ ቋንቋ ተጽፏል። ጓደኛዬ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ «እናቴን አስመዘገቧት» አለ። ያን ቀን ፎቶ ኮፒ ፈልጎ የመጣውን ሰው እኔ ነኝ ማዶ ሄጄ ያስነሳሁለት።

ፓተንቱ ይሰረዝልን ብለን አዲስ አበባ ከሰስን። ቀድመን እየተጠቀምንበት እንደነበር የዕድሩ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። እነሱም በተራቸው የሰረቅነው እኛ ነን ብለው ከሰሱን። ሁለት ሦስት ቀጠሮ ከተመላለስን በኋላ ዳኛው ጉዳዩ በሽምግልና ቢያልቅ ይሻላል ብሎ ጊዜ ሰጠን። እኛ ደስ አለን። እንዴት ደስ አይለን! ሽምግልና ማለት የአባቴ ሜዳ ነው።

የአባቴ የማስታረቅ ዘዴ አንዲት ናት፤ ከአባቱ የወረሳት። የተበደለው ሰው መጀመሪያ ይናገራል፤ ሲናገርም በደሉን አይቆጥርም፣ ጥፋቱን ራሱ ይወስደዋል። «እኔ ነኝ የበደልኩህ፣ ይቅር በለኝ» ይላል። በዳዩ ይህን ሲሰማ ያፍራል። ካፈረ ደግሞ «ኧረ የለም፣ እኔ ነኝ!» ብሎ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ነገር የለም። ልጅ ሆኜ እንሴኖ ይዞኝ ሄዶ በባሕር ዛፍ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሲያስታርቅ አይቻለሁ። ዛፉ የተቆረጠበት ታላቅየው «እኔ ነኝ ያጠፋሁ» ሲል ቆራጩ ታናሽ ወንድሙ እግሩ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባቴ ሲመለስ «አየሽ፣ ጥፋት ማለት ሁለት ሰው የሚሻማበት ነገር ነው» አለኝ። ለእሱ ዓለም እንዲህ ነበረች። በአካባቢያችንም በእርግጥ እንዲህ ነበረች።

ጠበቃችን አብሮን ሊቀመጥ ፈልጎ ነበር። አባቴ «ሽምግልና ላይ ጠበቃ ይዞ መምጣት ነውር ነው፤ ልንካሰስ ነው ወይስ ልንታረቅ?» ብሎ ከለከለው። ድርጅቱን ወክሎ አባቴ ራሱ እንዲናገር እኔና ጓደኛዬ ፈርመን ሰጠነው።

የዕድሩ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። በእኛ በኩል አባቴ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሎች፣ እኔና ጓደኛዬ። በእነሱ በኩል ጠበቃቸውና ላፕቶፕ የያዘች ጸሐፊ። ከሽማግሎቹ አንዱ ሙስሊም ናቸው፤ በእሳቸው ዱዓ፣ በሌላው ጸሎት ተከፈተ። አባቴ ተነሳ። ነጠላውን አስተካከለ።

«ልጆቼ» አለ፤ «ሩቅ መንገድ መጥታችሁ አክብራችሁናል። እኛ በድለናችኋል። የእናንተ የሆነውን ወስደናል፣ አስቀይመናችኋል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉን።»

እኔ ያን ጊዜ አላዘንኩም፤ እንዲያውም ልቤ ሞቀ። የእንሴኖው ታናሽ ወንድም ሊነሳ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሽማግሎቹም ጠበቁ። አባቴ ቆሞ ጠበቀ።

ጠበቃው ወደ ልጅቷ ዞረና «ተመዘገበ?» አላት። ራሷን ነቀነቀች። «እናመሰግናለን አባት፤ ቁጭ ይበሉ» አለው።

አባቴ ግን አልተቀመጠም። ሰውየው አልገባው ይሆናል ብሎ መሰለኝ፣ ዝግ ብሎ ደገመው። «ይቅር በሉን እያልኩ ነው።» ጠበቃው አሁንም ምስጋናውን አቀረበ። ሙስሊሙ ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወለሉን ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ካሳ፣ ስለ ማቆም፣ ስለ ውል ተወራ፤ አልተስማማንም። ማለቂያው ላይ ልጅቷ ቃለ ጉባኤ አትማ አመጣች፤ አባቴ የተናገረው ቃል በቃል ተጽፏል፤ ትክክል ነው፤ አንድም ፊደል አልተጨመረበትም። አባቴ አነበበና ፈረመ። የተናገረውን አልተናገርኩም ይበል እንዴ?

ቃሉ ችሎት ላይ ሲነበብ እኔ ከአባቴ ጎን ነበርኩ። «የእናንተ የሆነውን ወስደናል።» ሽማግሌ በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ያለ ዱዓ፣ ያለ ጸሎት፣ በማያውቀው ሰው አፍ ሲነበብ ቃሉ ሌላ ሆነ። ጠበቃችን ስለ ልማዱ ለማስረዳት ደከመ። ዳኛው አባቴን አስነስቶ «ይህ ቃል የእርስዎ ነው?» አለው።

«ቃሌ ነው» አለ አባቴ። «ግን ጌታዬ፣ ይሄ የመጀመሪያው ቃል ነው። መልሱ አልመጣም እንጂ።»

«መልሱ ቃለ ጉባኤው ላይ የለም።»

«የለም» አለ አባቴ። «አልመለሱልኝም።»

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። በወረቀት ላይ የተፈረመ ቃል ይዞ ምን ያድርግ? ተረታን። ደዋዩን እንድናቆም፣ ያንን አሠራር ለወደፊቱ እንዳንጠቀም ታዘዝን። ኮሪደሩ ላይ ጓደኛዬ ራሱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለ። አባቴ ይሰማ ነበር። በጥፊ ልለው እጄን አንስቼ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። እሱም እኮ እናቱን ሁለተኛ እየቀበረ ነው።

በሚኒባስ ወደ ቡታጅራ ተመለስን። ቤት ደርሰን ጓደኛዬ ከሄደ በኋላ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። «ልጄ» አለኝ፤ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ አይደል?»

ምን እንደምመልስ አላሰብኩበትም። ከአፌ ወጣ። «ኧረ የለም አባዬ፣ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት፤ እየሳቀ ነው ደግሞ የሚያለቅሰው። «አንቺስ ታውቂያለሽ» አለ። «አንቺስ መልሱን ታውቂያለሽ።»

ከዚያ በኋላ አባቴ ሽምግልና ተወ። በደንብ ነው የተወው። ባልና ሚስት ተጣልተው ሲጠሩት «የሚጽፍ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም ሲሉት «ስልክስ?» ይላል። መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ኋላ መጥራቱን ተዉት። በመስቀል ዋዜማ ከደመራው በፊት ቤተሰቡን ሰብስቦ «ዓመቱን ሙሉ ያስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ» ማለት ልማዱ ነበር፤ እኛም ተሻምተን «ኧረ እኛ ነን» እንለዋለን። የዚያን ዓመት ተሰበሰብን፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ወንድሞቼም አሉ። አባቴ በየእጃችን ያለውን ስልክ አንድ በአንድ አየ፤ ከዚያ «በሉ እሳቱን ለኩሱ» አለ። እኔ ያን ሰውዬ፣ ያንን ሱፍ የለበሰ ጠበቃ፣ ዛሬም ድረስ ይቅር አላልኩትም። ይቅር በይኝ ያለኝም የለም።

ዕድሩ ያለ ደዋይ መቆየት አልቻለም፤ ሰው ለምዶታል። ኩባንያው ራሱ መጥቶ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በነፃ አገልግሎት ሰጣቸው። የአባላቱን ስልክ ከእኛ ዝርዝር ወሰዱ፤ የጎረቤቶቹን ዓምድ ግን አልፈለጉትም። ለሁሉም ሰው የሚቀርበውን ጎረቤት መጠየቅ፣ ሰው ቤት ሲቀይር ማስተካከል፣ ለብዙ ደንበኛ አይመችም ተባለ። የተካሰስንበትን፣ የተረታንበትን፣ አባቴ የተሰበረበትን ያንን ነገር ወስደው አልተጠቀሙበትም። ፓተንቱን ይዘው አስቀምጠውታል። እነሱ አይሠሩበትም፣ እኛም እንዳንሠራበት ተከልክለናል። ለአባላት ሁሉ ይደወላል፣ በቃ። የጥሩምባ ነፊውም ድምፅ ቀረ፤ የአየር ሰዓት ስንሞላ የምታናግረን ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ ናት የምትናገረው።

ጓደኛዬ አዲስ አበባ ገባ፤ የሰው ፕሮግራም እየጠገነ ይኖራል። እኔ ወልቂጤ ኮምፒውተር ማስተማር ጀመርኩ። በአረቅጥ በኩል እየተሳፈርኩ አባቴን እየመጣሁ አያለሁ። እያደር ዝም ያለ ሰው ሆነ። ከዕድሩ ስሜን እንዲያወጣው ብነግረውም እንኳ አይሰማኝም ነበር፤ «የትም ብትሄጂ ዕድርተኛ ነሽ» እያለ መዋጮዬን ራሱ ይከፍልልኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወልቂጤ ገበያ ቆሜ ቆጮ እየገዛሁ ነበር። ሻጯ ሴት በኮባ ቅጠል የጠቀለለችውን ገለጥ አድርጋ «ቅመሺው፣ እንደሱ አይነት የለም» ትለኛለች። ስልኬ ጠራ። የማላውቀው አጭር ቁጥር ነው። አነሳሁት።

«ውድ ደንበኛችን» አለች ልጅቷ። ቀጥላ የአባቴን ስም ጠራች። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጠራችው። አነባበቧ ያምራል፤ አንዲት ፊደል አልሳተችም። ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን፣ ቀብሩ በስምንት ሰዓት መሆኑን ነገረችኝ።

በኋላ እንደሰማሁት ጎረቤቶቻችን ያን ጠዋት ተሰብስበው ምን እንደሚሉኝ ተስማምተው ነበር። ጉንፋን ጠንቶበታል፣ ሊሉኝ ነበር። አዲስ አበባ ላለው ጓደኛዬ ደውለው ነግረውታል፤ እሱም ተሳፍሮ ወደ እኔ እየመጣ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ ደግሞ እንደ ደንቡ የሟቹን ስም አስገብቶ ላከ። እሱ ምን ያድርግ?

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው። ሻጯ ሴት ፊቴን አይታ ቅጠሉን ጣለችው። «ምነው ልጄ? ምነው?» አለች በዚያ ጉራጌኛ በተጫነው አማርኛዋ። ዘላ መጥታ ክንዴን ያዘች፤ በማዳበሪያ ጆንያዋ ላይ አስቀመጠችኝና ከጎኔ ተቀመጠች። ማን እንደሞተብኝ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ አደረገችው። ሌላዋ ሻጭም ተነስታ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

ስልኩ ውስጥ ልጅቷ አንድን ይጫኑ የምትለው ነገር ነበራት። ምን ለማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልሰማኋትም። እኔ የማውቀው «አንድ» ግን አንድ ብቻ ነው፤ ጓደኛዬ የጻፈው፣ «ደርሻለሁ» የሚለው። ሰው ደርሷል፣ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ከኋላዬም ቆሟል። አንድን ተጫንኩ።

«ውድ ደንበኛችን» አለች እንደገና፤ የአባቴንም ስም ከመጀመሪያው ጀምራ ጠራችው።